ቡሬ ያመጣት ቆቅ

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባለቤቴ ሳታውቀው አረፈች። የነፍስ አባቴ በጾም መግቢያ ቤቴ ሲመጡ ሌላ ሌላውን እናገርና ይህችን እዘላለሁ፤ እሳቸውም ይፈቱኛል፣ እኔም ያልተፈታሁ መሆኔን እያወቅሁ መስቀል እሳለማለሁ። አንተ የምታነበኝ ሰው ማን እንደሆንክ አላውቅም። ቄስ አይደለህም፤ ልትፈታኝ ሥልጣን የለህም። ምናልባት መናገር የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል።

ያደረግሁትን አስቀድሜ ልናገር። በአንድ የአደን ውሾች ውድድር ላይ፣ እኔ ይዤው የነበረው ውሻ ያደቀቃትን ቆቅ የሌላ ሰው ውሻ ያመጣት ናት ብዬ አሳለፍኩ። በአፌ ብቻ አይደለም፤ በእጄ አደረግሁት። በዚህ የተነሳ ያ ውሻ ተገደለ፣ ጠባቂውም እንጀራውን አጣ። ነገሩ ይኸው ነው። ዜና ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር።

«ለውሻ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» ትል ይሆናል። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። በዚያ ዘመን እናት የልጇን ሬሳ መንገድ ዳር ታገኝ ነበር፤ አንድ ውሻ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት እንደ ጋሻ ይዤው ኖሬያለሁ። ጋሻው ተበስቷል። እንዴት እንደተበሳ ከዚህ በታች እደርስበታለሁ።

አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ በመንግሥት ጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ። የክፍል ኃላፊዬ ጓድ መርዕድ ከአንድ ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ የወፍ አደን ውሻ ወረሰ፤ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጥቁር ውሻ። ስሙን «ታንክ» አለው። አንድ ቀን ጠራኝና ስለ አደን ጽፌ እንደነበር አስታወሰኝ። እኔ የጻፍኩት ስለ አደን ፈቃድ አሰጣጥ ነው፤ ውሻ የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ይህንኑ ነገርኩት። ሳቀ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት ተወዳድረው ለማያውቁ ውሾች ላፍቶ ሜዳ ላይ ውድድር ሊያዘጋጅ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ይዘው ለሚመጡ አዳኞች የሚሆኑ ውሾች ይመረጡበታል፤ ታንክን አሠልጥነህ ይዘህ ግባ አለኝ።

በዚያን ሰሞን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር የሚላኩ ሪፖርተሮች ስም ዝርዝር በአፍ ይዞር ነበር። የእኔ ስም ከመጀመሪያዎቹ ነበር። ከእኔ በፊት ከሄዱት አንዱ በእግሩ አልተመለሰም። ጓድ መርዕድ ይህን እንደማውቅ ያውቃል። ከቢሮው ልወጣ ስል ቀና ሳይል፣ «ታንክ ካሸነፈ አሠልጣኙን ወደ ሰሜን የሚልክ ሞኝ የለም» አለኝ። ቢሸነፍስ ብዬ አልጠየቅሁም። የሚጠየቅ አልነበረም።

ለሚን ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለሚ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱና ወንድሞቹ እዚያው ያርሳሉ። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ፈረንጅ ግቢ ውስጥ ተቀጥሮ ውሻ ይጠብቅ ነበር። ቤቱ ሲወረስ ፈረንጁ ሄደ፤ ግቢው የአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። ንብረት ሲቆጠር ውሻውም ከወንበሩና ከፍሪጁ ጋር ተቆጠረ። ነጭና ቡናማ ዝንጉርጉር ስለነበር ለሚ «ቡሬ» ይለዋል፤ የፈረንጅ ስሙን ጠይቄው አላውቅም። የግቢው አስተዳዳሪ ለለሚ ቁርጡን ነግሮታል። ቡሬ በውድድሩ ካለፈ ውሻውም ጠባቂውም ይቆያሉ፤ ካላለፈ ድርጅቱ ውሻ አይቀልብም፣ ለሌለ ውሻም ጠባቂ አይቀጥርም።

እንግዲህ ሁለታችንም ለአንድ ሜዳ የታሰርን ነበርን። እኔ ይህን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር። ሆኖም ውሻ እንዴት እንደሚያዝ አስተምረኝ ብዬ ስጠይቀው እሺ አለኝ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ታንክን ይዤ እስከ ለቡ ድረስ በታጨደው ማሳ ውስጥ አብረን እንዞራለን። ለሚ ወሬ ይወዳል፤ ይዋሻልም። ቡሬ አንድ ጊዜ አቃቂ ወንዝን በጎርፍ ተሻግሮ ዳክዬ አመጣ ይላል፤ ሌላ ቀን ሲተርከው ዳክዬዋ ሁለት ትሆናለች። ጠላ ካገኘም ሥልጠናው ይረሳል። «ቡሬ በሦስት ቋንቋ ይሰማል» ይለኛል፤ «በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በፈረንጅ። በአንዱም አይመልስም። ሰው ሁሉ እንደሱ ቢሆን ማን ይታሰር ነበር?» ይህን ብሎ ግራ ቀኙን ያያል፤ ሁለታችንም ቀስ ብለን እንስቃለን። ታንክ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ሲል ደግሞ፣ «ያንተ ታንክ ነዳጅ ጨረሰ፤ ሂድ ግፋው» ይለኛል።

ለአደን ውሻ ሁለት ነገር ይፈለጋል። የመጀመሪያው፣ ጠመንጃ ሲነሳና ሲተኮስ ባለበት መቀመጥ ነው፤ ካልታዘዘ አይነሳም። ሁለተኛው፣ የወደቀችውን ወፍ ሳይነክስ ይዞ ማምጣት ነው። አፉ እንደ እናት እጅ መሆን አለበት። ወፏን የሚያደቅ ውሻ ምንም ቢሮጥ፣ ምንም ቢያሸት፣ ዋጋ የለውም፤ አንዴ የለመደ አይተውም ይባላል። ታንክ መቀመጡን ተምሮ ነበር። አፉ ግን ያጠራጥረኝ ነበር። በጨርቅ ጠቅልለን የምንወረውርለትን ሲመልስ ጨርቁ ተቀዶ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ለሚም አይቷል። ለማንም አልተናገረም። ልብ በል፤ እሱ የእኔን ውሻ ነውር ያውቅ ነበር፣ ሸፈነልኝም።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ጤፉ ታጭዶ ያለቀበት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ የሚጥልበት ወራት። በዚያ ጊዜ ጥይት ሲሰማ ሰው ሁሉ ይደነግጣልና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከዋዜማው ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ነገ የሚተኮሰው በቆቅ ላይ ነው እያለ ሲያስታውቅ ነበር። አንዲት ባልቴት፣ «ቆቆቹስ ምን አደረጉ?» አሉት ይባላል። መሣሪያ የያዙት ከመሥሪያ ቤቱ የተመደቡ ሁለት ተኳሾች ብቻ ነበሩ። ዳኛው አዲስ አበባ ያረጀ ግሪካዊ ነበር፤ ሁሉም ሙሴ ያኒ ይሉታል። እንደኛ አማርኛ ይናገራል፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ቋንቋው ይመለሳል።

ከውድድሩ በፊት አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ስለሆነ ልዘርዝረው። በሙሴ ያኒ ደንብ ውሻው ያመጣት ወፍ እንዳለች ለዳኛ ትሰጣለች። ዳኛው ደረቷን በጣቶቹ ይዳብሳል፤ የጎን አጥንቷ ደህና ከሆነ የውሻው አፍ ለስላሳ ነው፣ ከደቀቀ ውሻው ይወጣል። ለእኛ ደግሞ ሳትባረክ የሞተች ወፍ በክት ናት፤ ማንም አይበላትም። የተገደሉትን ቆቆች ከውድድሩ በኋላ ተሰብስበን ልንበላ ነው፤ ዳኛው እስኪመጣ ብንጠብቅ ግማሾቹ በእጃችን ይሞታሉ። ስለዚህ ሙሴ ያኒ ተሸነፈ። ውሻው ወፏን እንዳመጣ ያዡ ወዲያው ባርኮ ይረዳት፤ ከሌላዋ ጋር እንዳትምታታ ግን ውሻው አንገት ላይ ካለው ክር ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር እግሯ ላይ ይሰርላት፤ እኔ ስደርስ እዳብሳታለሁ አለ። የታንክ ክር ቀይ ነበር። የቡሬ ሰማያዊ።

ጠዋቱን አልተርክም። ብዙ ውሾች ጥይት እንደሰሙ ወደ ቤታቸው ሮጡ፤ አንዱ የገበሬ ዶሮ ይዞ መጣና ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ከቀትር በኋላ የቀሩት ታንክና ቡሬ ነበሩ። ጓድ መርዕድ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከመኪናው አጠገብ ቆሟል። የግቢው አስተዳዳሪም ከጎኑ። ሁለቱም ያጨሳሉ።

የመጨረሻው ዙር ላይ ለሚና እኔ ጎን ለጎን ሄድን። ከአንድ ደረቅ ቦይ ማዶ ቆቆች ተነሱ፤ ተኳሾቹ ተኮሱ፤ ሁለት ወደቁ። ሁለቱም ውሾች ተቀመጡ። ቡሬ ሲቀመጥ ጆሮው እንኳ አልተነቃነቀም። ሙሴ ያኒ ከኋላ ቆሞ ልቀቁ አለ፤ ለቀቅናቸው። እኛ ወደ ቦዩ ወርደን ጠበቅናቸው። ቦዩ ጥልቅ ነው፤ ከላይ ያሉት አያዩንም። ሙሴ ያኒ ጉልበቱ ስለሚያመው ዙሪያውን በቀስታ ይመጣል።

መጀመሪያ የደረሰው ቡሬ ነው። ቆቋ በአፉ ውስጥ አንገቷን ቀና አድርጋ ታያለች፤ ክንፏ ብቻ ነበር የተመታው። ለሚ በእግሮቿ ተቀብሎ ወዲያው ወደ እኔ ዘረጋት። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። በእነ ለሚ ቤት ሚስቱ ያረገዘች ሰው ቢላ አያነሳም፣ ደምም አያፈስም፤ ለሚወለደው ይጠነቀቃሉ። ጠዋትም የእሱን ወፎች የባረክሁለት እኔ ነበርኩ።

«እንካ ባርክልኝ፤ ክሩንም እሰርልኝ» አለኝና ሰማያዊውን ክር እጄ ላይ ጥሎ፣ እግሩን እሾህ የወጋውን ቡሬን ሊያይለት ጥቂት ፈቀቅ አለ። ጀርባውን ሰጠኝ።

በዚያው ቅጽበት ታንክ መጣ። ቆቋን ከአፉ ስቀበል በመዳፌ ውስጥ ደረቷ ተንኮሻኮሸ። እንደ ደረቀ እንጀራ። ገና ትተነፍስ ነበር።

እዚህ ላይ ልቁም። ለዓመታት ለራሴ የነገርኩት «ሳላስበው ሆነ» የሚል ነው። ሐሰት ነው። አስቤዋለሁ። ሁለቱንም አረድኩ፤ በስመ አብ ብዬ አረድኩ፤ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ አረድኩ። ሁለቱን ቆቆች ጎን ለጎን ሣሩ ላይ አጋደምኳቸው። ቀይ ክር በአንድ እጄ፣ ሰማያዊ ክር በአንድ እጄ ነበር። ለሚን አየሁት፤ ጎንበስ ብሎ ለውሻው በኦሮምኛ እያንሾካሾከ እሾህ ይነቅላል። የሙሴ ያኒ ኮቴ ገና ሩቅ ነበር። ጊዜ ነበረኝ። አትርሳ፤ ጊዜ ነበረኝ። ሰማያዊውን ክር በደቀቀችው ቆቅ እግር ላይ አሰርኩ። እኔ አሰርኩ። ቀዩን በደህናዋ ላይ አሰርኩ። ቋጠሮውን አጠበቅሁ፤ እንዳይፈታ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩ። የሚፈራ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል ይላሉ። የእኔ አልተንቀጠቀጠም።

ሙሴ ያኒ ደረሰ። ቀይ ክር ያላትን ዳበሰ፤ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ሰማያዊዋን አነሳ። ጣቶቹ ቆሙ። እንደገና ዳበሰ። ከዚያ ቡሬን አየው። ቀኑን ሙሉ ያየው ውሻ ነው፤ አላመነም። ክሩን ማን እንዳሰረ ጠየቀ። ደንቡ ያዡ ራሱ ይሰር ነበር የሚለው። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ሊገለጥ ይችል ነበር።

ለሚ ነው የመለሰው። «እሱ አሰረልኝ፤ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናትና ቢላ አልይዝም። እሱ ያሰረው እኔ እንዳሰርኩት ነው» አለ።

በሩን በገዛ እጁ ዘጋብኝ። ወይም እኔ እንዲህ ማለት እወድ ነበር፤ እሱ ዘጋብኝ ማለት። አፍ ነበረኝ። መክፈት የእኔ ፋንታ ነበር።

ሙሴ ያኒ ወፏን ሰጠው። ለሚ ደረቷን ነካ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ለረጅም ጊዜ ዳበሳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከአፉ ስቀበላት ደህና አልነበረችም?» አለኝ። ክስ አልነበረም። ጥያቄ ነበር፤ እውነት የሚፈልግ ሰው ጥያቄ።

«ለሚ፣ እኔ ያረድኩት አንተ የሰጠኸኝን ነው» አልኩት።

ዓረፍተ ነገሩን ተመልከት። አንዲት ሐሰተኛ ቃል የለበትም። የሰጠኝን አርጃለሁ። ሙያዬ ያስተማረኝን ጥንቃቄ ሁሉ ለዚያች ዓረፍተ ነገር አዋልኩት።

ታንክ አሸነፈ። ጓድ መርዕድ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገ። የዚያን ዕለት አመሻሽ ቢሮ ገብቼ የውድድሩን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሪፖርተር አልተመደበም። «ቡሬ የተባለው ውሻ ያመጣትን ወፍ በማድቀቁ ከውድድሩ ተሰርዟል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስህተት ጽፌ አውቃለሁ፤ ማን አይሳሳትም? አውቄ ሐሰት የጻፍኩት ግን ያቺን ነው። ማንም አላስገደደኝም። ስሙን ሳልጠራ «ሌላ ውሻ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ስሙን የጻፍኩት ዜናው የተሟላ እንዲሆን ነው።

ለሚ በሳምንቱ ቢሮዬ ድረስ መጣ። አስተዳዳሪው የሥራ መደቡን ሰርዞታል። ስለ ራሱ ግን አይደለም የመጣው። ቡሬን ላፍቶ አባቱ ቤት ልውሰደው ብሎ ቢለምን፣ የመንግሥት ንብረት ለግለሰብ አይሰጥም ተባለ። ይሸጥልኝ ሲል የተበላሸ ንብረት አይሸጥም ተባለ። የማይጠቅም ንብረት ይወገዳል። እንዲህ ነበር ደንቡ፤ ደንቡን የሚያነብለት ሰው ፊት ላይ ምንም ክፋት አልነበረም ይላል ለሚ።

«ዳኛው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል በልልኝ» አለኝ። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ቦዩ ውስጥ አብረኸኝ ነበርክ። አንተን ይሰሙሃል።»

ምን አልኩት? ዜናው ወጥቷል አልኩት። የወጣ ዜና መመለስ አይቻልም አልኩት። ይቻላል፤ እርማት የሚባል ነገር አለ፤ በየሳምንቱ እናወጣ ነበር። ራሴን ሳላጋልጥ ዜናውን ላርመው አልችልም፤ ራሴን ካጋለጥሁ ደግሞ የክፍል ኃላፊዬን ውሻ በማጭበርበር አሸናፊ አድርጌያለሁ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ቃል ወዴት እንደሚወስድ አይታወቅም። በየት በኩል ብዞር ግድግዳ ነበር። ግድግዳውን የሠራሁት እኔ መሆኔን አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን በር አልሆነልኝም። ሻይ አስመጣሁለት። ሳይጠጣው ሄደ።

ቡሬ እንዴት እንደሞተ የነገረኝ ራሱ ለሚ ነው። ሌላ ሰው ሲይዘው ስለሚታገል፣ ወደ ግቢው ጓሮ ይዞት የወጣ እሱ ነበር። ዘበኛው ጠመንጃውን አነሳ። ቡሬ ጠመንጃ ሲነሳ አየና ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጥይት ሳተው። አልሸሸም። ቀና ብሎ ወደ ሰማይ አየ፤ ወፏ የት እንደምትወድቅ ለማየት። ለሚ ይህን የነገረኝ ሊወቅሰኝ አይደለም። ቡሬን ሊያመሰግን ነው። «እስከ መጨረሻው ትምህርቱን አልረሳም» አለኝ።

እኔ ወደ ሰሜን አልሄድኩም። በምትኬ የሄደው ባልደረባዬ በሰላም ተመልሷል፤ እውነቱ ይህ ስለሆነ እጽፈዋለሁ፤ በደሌን ግን አያቀልልኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ከመጀመሪያው ይከፋል ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ። ለሚን ጋዜጣችን በሚታተምበት ማተሚያ ቤት ዘበኛ አድርጌ አስቀጠርኩት። ሰው ሁሉ ደግ ነህ አለኝ። ለሚ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ከለከልኩት፤ መከልከሌም እንደ ትሕትና ተቆጠረልኝ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ስትወልድ የክርስትና አባት ሁንልኝ አለኝ። እንቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል። ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነበረኝ። በአርባ ቀኑ ብስራተ ገብርኤል ሄጄ ሕፃኑን ገመቹን ታቀፍኩት፤ ሰይጣንን እክደዋለሁ ብዬ ስለ እሱ መለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚና እኔ አበልጅ ነን። አበልጅ ከወንድም ይበልጣል ይባላል፤ በወንድም ላይ የሚደረገው በአበልጅ ላይ አይደረግም። እኔ አስቀድሜ አድርጌው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮዬ በውለታ የተሠራ እስር ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ከላፍቶ እርጎ በቅል ይዞ ይመጣል። ባለቤቴ ስትታመም አልጋዋ ሥር ያደረ እሱ ነው። ስትሞት ድንኳኑን የተከለ እሱ ነው። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ! «አበልጄ» ይለኛል፤ ያቺን ቃል ስሰማ አፌ ይዘጋል። ሥርዓቱ ተለወጠ፣ ጓድ መርዕድ የት እንደደረሰ አይታወቅም፣ ሙሴ ያኒም አረፈ፤ የምፈራው ሰው አልቀረም። የላፍቶ ማሳም ቤት በቤት ሆነ። እኔ ግን አልተናገርኩም። እንግዲህ ያኔ ዝም ያሰኘኝ ደርግ ነበር ማለት እችላለሁ? አልችልም።

ለሚ ከዚያ በኋላ ውሻ አላሳደገም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ባለፈው ወር ግን ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ታሞ ልጠይቀው ሄድኩ። ዓይኑ ደክሟል፣ እግሩም ያብጣል። ቆርቦ ነበር። ፊቱ በርቶ አገኘሁት። ሊቆርብ ሲዘጋጅ ለነፍስ አባቱ ያልተናዘዘው አንድም እንዳይቀር ወደ ኋላ ዕድሜውን ሁሉ እንደፈተሸ አጫወተኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የቡሬንም ነገር ተናዘዝኩ» አለኝ።

የቡሬን ምኑን? አልኩት።

«እኔ ነኝ ያስገደልኩት» አለኝ። «ከውድድሩ በፊት በነበረው በዓል የዶሮ አጥንት ሰጠሁት። የወፍ አጥንት መስበር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፈረንጁ አትስጠው ብሎኝ ነበር። አሳዘነኝና ሰጠሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ከበደኝ፤ ለአንተም አፍሬ አልነገርኩህም። ቄሱ ስገድ አሉኝ። በዚህ እግሬ ሰገድኩ። አሁን ቀለለኝ።»

ጋሻዬ የተበሳው ያኔ ነው። የበደልኩት ውሻ ነው እል ነበር። ያበጠ እግሩን አየሁ። ይህ ሰው እኔ ያሰርኩትን ክር ዕድሜውን ሙሉ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በስተርጅናው የእኔን ኃጢአት ተናዝዞ፣ በእኔ ፈንታ ሰግዷል። እኔስ ምን አደረግሁ? ትራሱን አስተካከልኩለት። «እግዚአብሔር ይማርህ» አልኩት። እዚያም አልተናገርኩም። ያን ቀን እንኳ!

ፊት ለፊት መናገር ስላልቻልኩ እጽፋለሁ። ይህ ፍርሃት እንጂ ሌላ ስም የለውም። አባቱ ማየት ካቃተው ወዲህ የእኔን ጽሑፍ ሁሉ እያነበበ የሚያሰማው ገመቹ ነው፤ ይህንንም እንደሚያነብለት አውቃለሁ።

ገመቹ ልጄ፣ እንግዲህ የቀረውን ለአንተ ልበል። የክርስትና አባትህ ማን እንደሆነ ዛሬ አወቅህ። የምትፈርድብኝን ፍረድ፤ እንዳትዘልል ብቻ። አባትህ እንዳያዝን ብለህ አንዱን መስመር እንዳትዘልል፤ እኔ ስዘልል ኖሬ ነው እዚህ የደረስኩት። ይቅርታ አልጠይቅም። እሱን አውቀዋለሁ፤ ከጠየቅሁት ዛሬውኑ ይሰጠኛል፤ ገና ምን እንደተወሰደበት ሳያውቅ ይሰጠኛል። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት፤ ጆሮውም ደክሟል።

ለሚ፣ ቡሬ ያመጣት ቆቅ አንድም አጥንቷ አልተሰበረም። አጥንት ብትሰጠውም ባትሰጠውም አፉ አልተበላሸም ነበር። የሰገድክበት ኃጢአት የእኔ ነው።